ሃያ ስምንት ቀን

ነዋል የኮንክሪት ምሰሶውን በምስማር ጫር ስታደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ሙህዲን አየ፤ ማየቱንም እሷ አየች።

ጨፋ ሸለቆ ውስጥ የሚሠራው ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ እሷ ናት፤ ፎርማኑ እሱ። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል፤ «ነጋ»፣ ደህና፣ ትለዋለች፤ ከዚያ የሥራ ወሬ ብቻ። መዋደዳቸውን ከሁለቱ በቀር የማያወራ ሠራተኛ አልነበረም።

«ይሄ ምሰሶ ስንት ቀን ውሃ ጠጣ?»

«አንድ ቀን።»

«እንዲጠነክር ሰባት ቀን ይጠጣ አላልኩህም?»

«ውሃ የሚያመጡት ባለጋሪዎች ሰንበቴ ገበያ ሄዱ።»

«አንተስ?»

ሙህዲን አቀረቀረ። ምን ይበላት? አባቷ ዘንድ የሚልካቸውን ሽማግሌዎች ሲለምን ሦስት ቀን ከሚሴ መክረሙን ይንገራት?

«አልነበርኩም» አለ።

«አራቱም ምሰሶዎች ይፍረሱ።»

አልጮኸችም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። መዶሻውን ከሠራተኞቹ ተቀብሎ ምሰሶዎቹን ራሱ አፈረሰ። አጎቱን ሼህ ሙሀመድኑርንም «ሽምግልናው ይቅር፣ ምን ፊት አለኝ?» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን «ቃል ከወጣ ወጣ ነው!» ብለው፣ ምሰሶዎቹ እንደገና ኮንክሪት በተሞሉ ማግስት፣ ዓርብ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሄዱ።

ማታ ሼሁ በንዴት ጦፈው ተመለሱ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም! አባትየው ልጄን ልጠይቅ ብሎ ገባ። ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? ‹ሃያ ሰባት ቀን ይጠብቁኝ!› እሺ ወይ እምቢ አይባልም? ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው?»

ሙህዲን በጣቱ ቆጠረ። ምሰሶዎቹ ከተሞሉ አንድ ቀን፣ ከዚያ ሃያ ሰባት። ሳቁ አመለጠው።

«ያስቃል?»

«አጎቴ፣ የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ማለፉን ትፈርማለች። ዛሬ እሺ ብትል ግን ለእጮኛዋ ብላ አሳለፈችው ይባላል፤ ፊርማዋን ማን ያምነዋል?»

ከዚያ ወዲያ ባለጋሪዎቹ ገበያ ሲሄዱ ውሃ በጀሪካን እየተሸከመ ምሰሶዎቹን ራሱ አጠጣ። ሰባት ቀን አለፈ፤ አላቆመም። ነዋል በዘጠነኛው ቀን «በቃ እኮ» አለችው።

«ለኔ አልበቃም» አላት። ፈገግታዋን በመዝገቧ ሸፈነች።

በሃያ ስምንተኛው ቀን የላብራቶሪው ውጤት መጣ። ነዋል ሁለቴ አነበበችው፤ ፈረመች።

«አልፏል» አለች። ቀጥላም ሌላ ወረቀት አቀበለችው። የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ባቲ ትሠራለች።

ሙህዲን ክው አለ። ይህን ሁሉ ቀን የጠበቀው ለዚህ ነው? «ጣሪያው ሳይወጣ? ይህን ትምህርት ቤት እኮ እንደ ልጅሽ ነው የምትወጂው!»

«እወደዋለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ግን ባሌ በሚሠራው ግድግዳ ላይ መፈረም አይሆንልኝማ።»