ጤዛ የሚጠጣው ጥድ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ውሸት ከተገኘችበት የአምቦ ፍል ውኃ በእኔ ዕድሜ ይቀዝቅዝ! ያላመነ በማኅተም «ሀገረ ሕይወት»፣ በአፋችን ግን አምቦ ወደምትባለው ከተማ መጥቶ አዴ ጉዴን ይጠይቅ።

እንግዲህ መርጋ ጥድ ተሸክሞ እየሮጠ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል። አባቱ መምህር ኢዶሳ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምሩ አሁን ወጡ። እናቱ ወይዘሮ ቦጋለች ከጤና ጣቢያ ሥራቸውን ጨርሰው እየመጡ ነው። ጥዱ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ስለሆነ ይከብዳል፤ እንደ በረዶ የተለጠፈበት ባዘቶ ጥጥ ደግሞ እየተነቀለ ከኋላው ይበናል።

«ዛሬም?» አሉ ጎረቤታቸው አዴ ጉዴ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲቀበሉት።

«ዛሬም አዴ! ቶሎ ይበሉ፣ እማዬ ድልድዩ ጋ ደርሳለች!»

«ዋቃዮ! ሰው ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ዛፍ ሲሸሽ ግን በእናንተ ቤት አየሁ» አሉና ከፍየላቸው በረት ጀርባ ደበቁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ኢዶሳ የጎጆ ከተማ ሰው ናቸው፤ ያደጉት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የገና ዛፍ ከበዓሉ አራት እሑድ አስቀድሞ ይቆማል። «እንግዳ የሚመጣ ከሆነ፣ ቤት የሚጠረገው እንግዳው ከደረሰ በኋላ ነው እንዴ?» ይላሉ። ወይዘሮ ቦጋለች ደግሞ የአምቦ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጾሙ ሳይፈታ በቤታቸው ጌጥ ተንጠልጥሎ ማየት አይሆንላቸውም። «ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋም። በዋዜማው ይቁም፤ ያኔ እኔው ራሴ አስጌጠዋለሁ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣውም ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ዛፉ ገና በወሩ መባቻ ቆመ። ወይዘሮ ቦጋለችም ትንሿን ልጃቸውን እንቁን አዝለው እንጭኒ፣ እኅታቸው ዘንድ ሄዱ። ገናን አባትና ልጅ ብቻቸውን ዋሉ። መምህሩ ዶሮ ሊያርዱ ቢሞክሩ ዶሮው ከእጃቸው አምልጦ ጣራ ላይ ወጣ፤ እስከ ጥምቀትም አልወረደም። ሽሮ በሉ። መርጋ የእንቁን ትንሽ መቀመጫ ዱካ ባዶውን እያየ የጎረሰው ጉርሻ፣ እስካሁን አልወረደለትም። ዘንድሮም እናቱ ቁርጡን ነግረውታል፦ «ከቀኑ በፊት ከቆመ፣ እንጭኒ ነኝ።»

ይህን የነገሩት ለመርጋ ነው፤ ለባላቸው አይደለም። ከአምና ወዲህ ባልና ሚስት ስለ ዛፍ በቀጥታ አይነጋገሩም። «እናትህን ጠይቅልኝ»፣ «ለአባትህ ንገርልኝ» ነው። መርጋ በአሥራ አራት ዓመቱ የቤቱ ፖስታ ቤት ሆነ።

ሰኞ ዕለት አባቱ ጥዱን ይዘው መጡ። «እናትህ ምን አለች?»

«እሺ ብላለች» አለ መርጋ፣ ሳያስበው።

ማታ እናቱ «አባትህስ ምን አለ?» ሲሉት፣ «እስከ ዋዜማው ይቆያል ብሏል» አለ። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት። እንቁ እንደሆነች ገና አፍ አልፈታችም፤ ምስክር አትሆንበትም።

ከዚያ ሩጫው ተጀመረ። አባቱ ከሰዓት በኋላ ቤት ሲሆኑ ዛፉ ሳሎን ነው። እናቱ ሊገቡ ሲሉ ዛፉ ይወጣል።

«ማታ ማታ የት ነው የሚሄደው?» አሉ መምህሩ።

«ጤዛ ሊጠጣ ነዋ! ጥድ ማታ ጤዛ ካልጠጣ ይረግፋል። የእርሻ አስተማሪያችን ናቸው ያሉት።»

መምህር ኢዶሳ የሚያስተምሩት ታሪክ ነው። «ጋሪ ዳ፣ ደግ ነው» ብለው ተቀበሉት። ሐሙስ ግን ዛፉን ዞር ብለው አዩት። የአዴ ጉዴ ፍየል በየማታው ትቀምሰው ነበርና አንድ ጎኑ ሳስቷል።

«መርጋ፣ ይሄ ዛፍ አልከሳም?»

«ጾም ላይ ነው አባዬ።»

አባቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ግን መርጋ ያላሰበው ነገር መጣ። መምህሩ የተጠበሰላቸውን እንቁላል ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «እናትህ ለእኔ ብላ ይህን ያህል ከታገሠች፣ እኔስ ለሷ ብዬ ብጾም ምን አለበት? ሽሮውን አቅርብልኝ» አሉ። እናቱ ማታ ባላቸው ሽሮ ሲበሉ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በማግስቱ የነጠላ መፍተያቸውን ጥጥ አወጡና ቁጭ ብለው ባዘቱ።

«አባትህ እኮ ጾሜን አከበረልኝ። ይሄ ለዋዜማው ነው፤ የሱ በረዶ። ደብቀህ አስቀምጥልኝ። አንተም የአስታራቂ ልጅ፣ ተባረክ!»

ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋው። ቤቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አባትና እናት እየተጎራረሱ ነው፤ ሁለቱም በልባቸው የሚመሰጋገኑት ግን ባላደረጉት ነገር ነው።

እሑድ ሁለቱም ቤት የሚውሉበት ቀን ነው። ረፋዱ ላይ፣ እናቱ ከቅዳሴ፣ አባቱም ከጸሎት ቤት ሳይመለሱ አዴ ጉዴ በአጥሩ ጠሩት። ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ጥዱን አንገቷ እስከደረሰበት ድረስ ልጣዋለች። ከላይ እንደ ጃንጥላ ትንሽ ቀርቷል።

መርጋ አንገቱን ደፋ። አዴ ጉዴ ግን አጨበጨቡ።

«አንተ ሞኝ፣ ተገላገልክ እኮ! ‹ፍየሏ በላችው› በል፣ አለቀ። አባትህ ጤዛ ሲጠጣ ተበላ ብሎ ያምናል። እናትህ ሳይቆም ተበላ ብላ ታምናለች። እኔም እምላለሁ፤ ፍየሏም አፏ አረንጓዴ ነው!»

እውነትም እንከን የሌለው መውጫ ነበር። መርጋ እንዲህ ያለ ዕድል በፈተና ላይ እንኳን አግኝቶ አያውቅም። ጥዱን አቅፎ ቆመ። የሚመጣው ዓመት ታየው፦ ሌላ ጥድ፣ ሌላ ጤዛ፣ እሱ ፖስታ ቤት። ሽማግሌ ሆኖ፣ ጢም አውጥቶ፣ አሁንም በዚያ ቀዳዳ ዛፍ ሲያሾልክ ታየው። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ የእንጭኒው አውቶቡስ ታየው፤ እናቱ፣ እንቁም በጀርባቸው።

ምሳ ላይ አባቱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ቦጋለች፣ ዛሬ ላመሰግንሽ...»

«እኔም እኮ ላመሰግንህ ነበር፣ በዚህ...»

መርጋ ብድግ ብሎ ወጣ። የተላጨውን ጥድ አምጥቶ መካከላቸው አቆመው። ሁሉንም ተናገረ፤ ሰኞን፣ ሩጫውን፣ ጤዛውን፣ ፍየሏን፣ «ፍየሏ በላችው» ብሎ ሊያመልጥ ይችል እንደነበርም። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

ወይዘሮ ቦጋለች ዛፉን አዩ፤ ከዛፉ ወደ ባላቸው ሽሮ አዩ። መምህሩም ሽሯቸውን አዩ።

«ስለዚህ ይሄን ሁሉ ቀን በከንቱ ነው የጾምኩት?» አሉ መምህሩ።

«ከንቱ? ለእግዚአብሔር መጾም ከንቱ ነው?» ወይዘሮ ቦጋለች ድምፃቸው ከፍ አለ። ወዲያው ወደ መርጋ ዞሩ። «ንገረው እስቲ ለአባትህ!»

«ለእናትህም አንተ ንገራት!»

መርጋ እንቁን ከዱካዋ አነሣና በሩን ከኋላው ገጥሞ ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ከውስጥ ጩኸቱ ቀጠለ፤ ባማርኛ። መርጋ አዳመጠ። ወላጆቹ ሲጣሉ ባማርኛ ነው፤ እንደ ቢሮ ደብዳቤ። ሲታረቁ ግን በኦሮምኛ ነው። እንቁ ጣቱን ታኝክ ጀመር። ቆየ። ከዚያ አንድ የኦሮምኛ ቃል ሰማ፤ ደግሞ ሌላ። ከዚያ እናቱ ሲስቁ ሰማ።

«መርጋ!» ብለው ጠሩ እናቱ። «ያን ባዘቶ አምጣ፤ ዛሬ ይልበስ ይሄ ምስኪን!»

«እንዳታመጣ!» አሉ አባቱ። «በዋዜማው ነው የሚለብሰው፤ እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ!»

«ቃል የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም፤ ልጅህ ነው። ዛሬ ነው ብያለሁ!»

«ዋዜማ! መርጋ፣ ንገራት!»

«መርጋ፣ ንገረው!»

መርጋ ሊነሣ ቃጣው። መልሶ ግን እንቁን ጭኑ ላይ አመቻቸና እዚያው ተቀመጠ።

አሁን፣ ስለማልኩ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። መርጋ ሲናገር ዓይኑ ደረቅ ነበር ያልኩት ፈጠራዬ ነው። ሌላው እንዳለ ነው።