ያልነካችው ቢጫ

እናቷ ሰው ቤት ስትጋበዝ የራሷን ማንኪያ በቦርሳዋ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ልጅቷም በእናቷ ወጥታ፣ ልብስ ሰፊ ሆና እንኳ የሰው አንገት የነካ ሜትር ይቀፋታል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ጨርቅ አታሚ ወደደች።

እናት ነገሩን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። «የእህትሽን የሠርግ ሻርፖች እሱ ያትም። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ሥራውን በዓይኔ ልየው፤ ስለ ጋብቻው ከዚያ እናወራለን።»

ሰውዬው የሚያትመው በሚኖርባት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጀመሪያ ስስ ጨርቅ በተወጠረበት ፍሬም ቢጫ አበባ፣ ሲደርቅ ደግሞ በሌላ ፍሬም ሰማያዊ ቅጠል ይደርብበታል። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ልትረዳው መጣች። ክፍሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ቀለም የሚያደርቅበትን የፀጉር ማድረቂያ ሰጣት።

«ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ላዩ ደርቆ ሊያታልልሽ ይችላል። በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከቀዘቀዘሽ ገና ነው።»

ነፋችለት። መንካቱ ግን ዘገነናት፤ ቢጫው የቁስል መግል መስሎ ታያት።

«ነካሽው?»

«ነክቼዋለሁ፤ ደርቋል።»

አመናት። ሰማያዊውን ጫነበት። ፍሬሙን ሲያነሳ እርጥቡ ቢጫ ከሥሩ ተለጥፎ ተነሳና ሳያስተውለው ተከታዮቹን ሻርፖች ሁሉ አበላሸ። ድመት ያስመለሰችው የሚመስል አረንጓዴ ሆኑ።

እናት በሩ ላይ ቆማለች፤ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛለች። «ምንድነው ይሄ የሚያስጠላ ነገር?»

እሱ ልጅቷን አየት አደረጋት። እሷ ዓይኗን ወደ ማድረቂያው መለሰች።

«ቸኩዬ ነው፣ እማማ። ሳይደርቅ ደረብኩት።»

«ቀለም እስኪደርቅ ያልታገሠ ትዳር ይችላል? ተነሺ፣ እንሂድ።»

ልጅቷ ንጹሕ ጣቶቿን አየች። በሕይወቷ እንደዚያ የቀፈፋት ነገር የለም።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ንኪው ብሎኝ ነበር። ተጸይፌ ሳልነካው ነካሁ አልኩት።»

«እና እሱ እያወቀ ሸፈነልሽ?»

እናት መሐረቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ከቀለሙ ውሸትሽ ይቀፋል። በይ፣ ካልደረቀ ይታጠባል። ባልዲ አምጪ።»

ያቺ የሰው ማንኪያ የማትነካ ሴት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፊቷን እንዳጨማደደች ሻርፖቹን አለቀለቀቻቸው። ታጥበው ሲደርቁ ቢጫው እንደገና ታተመ፤ ልጅቷም ነፋችው።

«ደርቋል?» አለ እሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የእጇን ጀርባ አሳረፈችበት። ቀዘቀዛት። እርጥቡ ቢጫ ቆዳዋ ላይ ቀረ፤ እጇን ግን አልጠረገችም።

«ገና ነው» አለችው። «እጠብቃለሁ።»

እጇን ይዞ በጨርቅ ሊጠርግላት ሲል እናቷን አየና ፈራ።

«ጥረግላት እንጂ» አለች እናት፣ ባልዲውን እየደፋች። «ልታገባት አይደል እንዴ?»