ክሬም የቀባ ወጥቷል

ማርኒ ስትስቅ የታችኛው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሙን በጓንቷ ጀርባ ጠረገችና ሳቋን ቀጠለች። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ይስቅ ስለነበር ማቆም አልቻለችም። ከትምህርት ቤቱ የበረዶ ሸርተቴ ቡድን በዕድሜ ትልቁ ጄድ የሹፌሩን ማይክ ይዞ ይለፈልፋል።

«የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ፊታችሁን ቤት የረሳችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ውረዱ። ዳኝነቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ክሬም የቀባ ወጥቷል፤ ይሄ የድሮ ደንብ ነው። አዲስ ደንብ ደግሞ አለ። የሁላችሁንም ፊት በበረዶ አሻለሁ። አምና አንዱ ጀግና በካካዎ ተቀብቶ እንደመጣ አልረሳሁም።»

ዳኝነቱ የፊት ነው። በዚህ አገር ብርዱ በሚበረታበት በነሐሴ ወር በረዶ ላይ የሚውል ሰው በመነጽሩ የተሸፈነው ቦታ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ የቀረው ፊቱ ይጠቁራል። የተራራዋ ከተማ የጂንዳባይን ልጆች ይህን «ጭንብል» ይሉታል። መስመሩ ከሁሉም የጠራለት ልጅ በነጋታው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲከፈት ባንዲራውን ይዞ ከፊት ይወርዳል።

ማርኒ ያንን ባንዲራ ከምንም ነገር በላይ ትፈልገው ነበር። አቧራማ ከሆነችው የበረሃ ከተማ ከብሮክን ሂል ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያ በረዶ የሚታየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ገና በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት «አቧራ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ እስካሁን አልለቀቃትም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክሬም አልቀባችም። አፍንጫዋ እንደ ነጭ ሽንኩርት ተልጧል፣ ስትታጠብ ጉንጯ ይለበልባታል፣ መስመሯ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የምትፎካከራት ዳርሲ ብቻ ነበረች። የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ ተራራው ላይ የተጎዱ ሰዎችን የሚያነሳ ሠራተኛ ስለሆነ ዛሬም ከእሱ ጋር በማለዳ ወጥታለች።

ተራራው ላይ ሲደርሱ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም። ሌሊት የወረደው በረዶ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ማርኒ ሸርተቴዎቿን አጥልቃ ቁልቁል ስትለቀቅ ነፋሱ ጆሮዋ ስር ጮኸ። ዳርሲ ከጎኗ ደረሰችና «አያትሽም ካንቺ ይፈጥናሉ!» ብላ አለፈቻት። ማርኒ ጎንበስ ብላ ተከተለቻትና መውረጃው ላይ ከተተከሉት ምልክቶች ሦስተኛው ጋ ቀደመቻት። ከዚህ የሚሻል ቀን ከየት ይመጣል?

አራተኛው ዙር ላይ የመነጽሩ ጠርዝ የተቃጠለውን ጉንጯን ይፈገፍጋት ጀመር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ምልክቱን ሳታየው አለፈችውና በጎኗ ወደቀች። ተነሥታ በረዶውን አራገፈች፤ ፊቷን ቀዝቃዛ ውሃ ልታስነካው ወደ ምግብ ቤቱ መጸዳጃ ሄደች።

ዳርሲ መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። የፊቷ ግማሽ ቡናማ፣ ግማሹ እንደ ሕፃን ፊት የለሰለሰ ነው። አንድ እጇ ላይ የቆሸሸ ሶፍት፣ ሌላው ላይ ክብ የፓውደር ዕቃ ይዛለች።

«በሩን ዝጊው» አለች ዳርሲ።

ማርኒ ዘጋችው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የእማዬ ፓውደር። ‹የበረሃ ማር›፣ ቁጥር አራት። በላብ ለቀቀብኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ጠዋት መጀመሪያ ክሬም፣ ከዚያ ፓውደር። መነጽሬን አድርጌ ነው የምቀባው፣ መስመሩ እንዲያምር።»

ማርኒ ሳቋም ንዴቷም እኩል መጣባት። «እኔ ፊቴ ተልጦ ሊያልቅ ነው፣ አንቺ ማር ትቀቢያለሽ?»

«ልነግርሽ ነበር። የአባዬን ጆሮ አይተሽው የለ?»

አይታዋለች። ከላይ በኩል ጎድሎ ነበር። የዳርሲ አባት ለልጆች ሁሉ «ካንጋሮ ነክሶኝ ነው» ይል ነበር።

«ካንጋሮ ምናምን የለም። ፀሐይ ያመጣበት ካንሰር ነው፤ ሐኪሞች ቆርጠው አወጡለት። በረዶው ደግሞ ፀሐዩን ከታች መልሶ ይተኩስብሻል። እኛ ቤት ክሬም ሳትቀቢ መውጣት ማለት ባዶ እግርሽን እንደመውጣት ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«‹የተራራው ልጅ ፀሐይ ፈራች› እንዲሉኝ?» ዳርሲ የፓውደሩን ክዳን ከፈተች።

ማርኒ ያን ጊዜ አውቶቡስ ላይ የሰማችው ትዝ አላት። ዳርሲ እዚያ አልነበረችም። ዝም ብትል ብቻ በቂ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄድ አንድ እፍኝ በረዶ ያነሣል፣ ማሩ ሁሉ ሰው ፊት ይወርዳል፣ ባንዲራው የእሷ ይሆናል። መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም።

ዳርሲ ብሩሹን ጉንጯ ላይ ልታሳርፍ ነው።

«አትቀቢው» አለች ማርኒ። «ጄድ የሁላችንንም ፊት በበረዶ ሊያሽ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ተናግሯል።»

ዳርሲ ብሩሹን አወረደች። «በቃ፣ ‹ሆዷን አሟታል› በያቸው» አለች። «ባንዲራው ያንቺ ነው። አንቺ የምርሽን ነው የተቃጠልሽው።»

ማርኒ መስታወቱን አየች። የዳርሲን መስመር ቡድኑ ሁሉ ሦስት ሳምንት ሲያደንቅ ከርሟል፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠረጠረም። ታዲያ ሲያዩ የከረሙት ምኑን ነው? የእሷንስ ሲያዩ ምኑን ነው የሚያዩት?

«ስጪኝ» አለች።

«ፓውደሩን?»

«ክሬሙን ነዋ፣ አንቺ ቂል።»

ክሬሙ ነጭና ወፍራም ነበር። ሲነካት አቃጠላት፣ ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘላት። ዳርሲ ጎኗ ቆማ ታዛለች። «አፍንጫሽ ሥርም። አገጭሽ ሥርም። ለከንፈርሽ ቫዝሊን፤ ደግሞ አትላሺው፣ ምላስሽ ቅባት አይደለም። ማታ በፈላ ውሃ አትታጠቢ።»

«እሺ እማማ።»

«ማርኒ፣ ይሄን ቀብተሽ ከወጣሽ እኮ...»

«አውቃለሁ። አንቺስ?»

ዳርሲ ወደ መስታወቱ ዞረች። ማርኒ የአንገት ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ወጣች።

ጄድ በረንዳው ላይ ድንች ጥብስ እየበላ ነበር። «አቧራ፣ ግድግዳ ስትቀቢ ነው የቆየሽው?»

«ክሬም ነው።»

«ደንቡ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም። ወጥቻለሁ።»

ከጎኑ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ጄድ ግን ድንቹን አስቀመጠ። «ሦስት ሰዓት ሲቀርሽ? ባንዲራው እኮ እጅሽ ገብቶ ነበር። ዳርሲስ የት አለች?»

ማርኒ ጎንበስ አለች። «ራሷን ጠይቃት» አለችና ሸርተቴዎቿን አነሣች።

ገና አራት ዙር ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ ነበር። ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው ሊፍት ጋ ስትደርስ ባለ ሁለት ሰው ወንበሮች ገመድ ላይ ተንጠልጥለው እየዞሩ ይመጣሉ። ጠባቂው ኬቭ አንዱን ያዘላት። «ብቻሽን ነሽ?»

ዞራ ወደ ምግብ ቤቱ አየች። በሩ እንደተዘጋ ነው።

«ሁለት ነን» አለች፤ ከሰልፉ ወጣ ብላ ከኋላዋ ያሉትን አሳለፈቻቸው።