ሁለቱም የተዉት ሌንስ

«ሌንሱን ይዘውት ወጡ?» አለችው፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው።

ሰውየው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከእሱ በቀር ማንም የለም።

«እኔን ነው? ... ሻጯ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔማ ልገዛ ነው የመጣሁት!»

«እኔም!»

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ደወሉን ለመጫን እኩል እጃቸውን ሲሰዱ ጣታቸው ተጋጨ። እኩል «ይቅርታ» ተባባሉ፣ እኩል እጃቸውን መለሱ። ደወሉ ሳይጫን ቀረ።

ሴትየዋ ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትውል፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ወፍ ፎቶ ታነሳለች። የጀመረችው ለእናቷ ብላ ነው። እናቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ነው እንጂ ደጅ ወጥተው አያውቁም። ከሥራ ስትመለስ ያነሳችውን ቴሌቪዥኑ ላይ ትከፍትላቸዋለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ዝንብ ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ ወፍ ነው!»

«ይሄ ወፍ ከሆነማ፣ ዓይኔም ዳሌዬን ተከትሎ ሄዷል።»

ጥፋቱ የእናትየው ዓይን አልነበረም፤ የልጅቷ ሌንስ አጭር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ረጅም ሌንስ ፍለጋ ገባች፤ እንደገባችም ግራ ተጋባች። ሩቅ የማቅረብ አቅሙ በቁጥር ነው፤ ከሰባ እስከ ሦስት መቶ የሚባል አለ፤ ከመቶ እስከ አራት መቶ የሚባል አለ፤ ከመቶ ሃምሳ እስከ ስድስት መቶ የሚባልም አለ። አንዱ ሩቅ ያቀርባል፣ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ይከብዳል። ሌላው ቀላል ነው፣ ግን ይፈዛል። ሁሉ ነገሩ የተሟላለት ደግሞ ዋጋውን ገና ስታየው ስልኳን ትዘጋለች። በመጨረሻ አቅሟ የሚችለው አንድ ማስታወቂያ አገኘች፦ «ከመቶ እስከ አራት መቶ፣ ያገለገለ፣ ለወፍ የሚሆን።» ይኸው መጣች፤ ሰውየውም መጣ።

በሩን የከፈቱት ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ።

«ለሁለታችሁም ዘጠኝ ሰዓት አልኳችሁ? ወይ እኔ! ግቡ በሉ፣ ግቡ።»

ሌንሱን ከሳጥን አወጡት። ሰውየው የሊፍት ቴክኒሻን ነው፤ ከሥራ ቱታው ኪስ ባትሪ መዥረጥ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ አበራ። «ሻጋታ ካለበት እንደ ሸረሪት ድር ያሳያል» አላትና ሰጣት። እሷም የመድኃኒት ብልቃጥ አንስታ እንደምታይ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ንጹህ ነው። የዙሙ ማዞሪያ ላይ ያለው ጎማ ላልቶ በአረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሏል እንጂ ሌላ እንከን የለውም።

«ታዲያ ለማን ልስጠው?» አሉ ቀያሹ። «እኔ መምረጥ አልችልም። ሐይቁ እዚህ ጋ ነው፤ ሄደን ሞክሩትና ተስማሙ።»

ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሁለቱ ውሃው ዳር ቆሙ። ሸምበቆው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ጀርባ ያላት ትንሽ ዓሣ አዳኝ ወፍ አርፋለች። ፋርማሲስቷ ሌንሱን ካሜራዋ ላይ ገጥማ ስታነጣጥር ወፏ አንዴ ትገባለች፣ አንዴ ትጠፋለች።

«ክርንሽን ወደ ጎንሽ ሰብስቢው» አላት ቴክኒሻኑ። «አዎ... አሁን ትንፋሽሽን ያዥ።»

የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ስታየው የወፏ ዓይን ውስጥ ሳይቀር ውሃው ያበራል። ከደስታዋ ብዛት ልትጮህ ምንም አልቀራት።

«'አንቺ' አልኩሽ እኮ... አልኩዎት... ይቅርታ» አለ ቴክኒሻኑ።

«አንቺ በለኝ። ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሌንስ ብዙም አላወሩ። እሷ ስለ እናቷ ነገረችው፤ ስለ ዝንቡም ነገረችው። ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ እናቷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃት። እሱ ደግሞ ሊፍት ሊጠግን በወጣበት አንድ ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ጥንድ ጭልፊቶች ጎጆ እንደሠሩ ነገራት። «ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል። ጠጋ ካልኳቸው ይደነግጣሉ፤ ከሩቅ ቶሎ ካላነሳኋቸው ደግሞ በረው ይሄዳሉ።»

ሳይስማሙ መሸ። ስልክ ተለዋወጡና ቃል ተገባቡ፤ ሌንሱን የገዛው ሰው የመጀመሪያውን ፎቶ ለሌላው ይልካል።

እቤቷ ስትገባ ሌንሱን ሳይሆን ሰውየውን እያሰበች ነበር። ጫጩቶቹ አይጠብቁትም፤ እናቷ ግን የትም አይሄዱም። በማግስቱ ጠዋት ለቀያሹ መልእክት ላከች፦ «ጋሼ፣ እኔ ትቼዋለሁ። ለእሱ ይስጡልኝ።» መልስ አልመጣም። ግድ አልሰጣትም። የምትጠብቀው የጫጩቶቹን ፎቶ ነው።

ፎቶው አልመጣም።

ነገ ይልካል አለች። ነገም ጭጭ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሳዋለች፤ ስታየው የካርድ ማስታወቂያ ነው። ለሳል ለመጣ ሰው የዓይን ጠብታ ልትሰጥ ስትል ሰውየው ራሱ «እህቴ፣ እኔ እኮ የማስለው በአፌ ነው» አላት። ምን አጥፍታ ነው? ያን ቀን በደንብ አይደል የሳቀው? ወይስ የሚስቀው ከሁሉም ጋር ነው? ደግሞስ እሷ ምን ቤት ናት? አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ስለቆሙ...

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ እናቷ። «ወፏ እንኳ ብትጠፋ ፎቶዋ ይቀራል። አንቺ ግን ጠቅላላ ጠፋሽ።»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ።»

አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት አላስችል ሲላት ወደ ሐይቁ ሄደች። ውሃው ዳር ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ቆማለች። ረጅም ሌንስ ይዛለች። ሌንሱ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር።

ፋርማሲስቷ እግሯ ራሱ ወሰዳት።

«ሲያምር... ከየት አገኙት?»

«ባለቤቴ ገዛልኝ፣ ለልደቴ!» አለች ሴትየዋ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ። «ከአንድ ሽማግሌ ነው ያገኘው። ሁሌ እንዲህ ነው፣ ሳልጠይቀው የልቤን ያውቃል።»

«መልካም ልደት» አለች ፋርማሲስቷ፤ ፊቷን አዙራም ወደ መንገዱ ወጣች።

ባለትዳር ነዋ! ታዲያ ያ ሁሉ ጨዋታ ምን ነበር? የጭልፊቱስ ወሬ? እሷ የተወችለት ለጫጩቶቹ ብላ ነው ወይስ ለሰው ሚስት ልደት? ንዴቷና እፍረቷ ተቀላቀለባት። መንገድ ላይ እንደቆመች ደወለችለት።

«ባለቤትህን መልካም ልደት በልልኝ» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ማንን?»

«ባለቤትህን!»

«የትኛዋን ባለቤቴን?»

«ስንት ናቸው ደግሞ?!»

«ቆይ... ቆይ እስቲ። እኔ ሚስት የለኝም። አንቺ ነሽ አይደል? ... በስንት ጊዜሽ ደውለሽ ትቆጪኛለሽ እንዴ? ሌንሱን ወስደሽ አንድ ፎቶ እንኳ ሳትልኪልኝ!»

«የምን ሌንስ? ሌንሱ ያለው አንተ ጋ!»

«እኔ ጋ? ለእናትሽ ብዬ፣ ለእሷ ይስጧት ብዬ ትቼው!»

ፋርማሲስቷ አፏን ያዘች። መኪና ጡሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችም።

«እኔም... ለጫጩቶቹ ብዬ ለአንተ ትቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ለእኔ?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

«ምን ብዬ? ሌንስ ትቼልሻለሁና አናግሪኝ ልበል? ውለታ የማስከፍል ይመስላል እኮ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሲዞርባት እሱ ሰማ። «የት ነሽ? እንዳትንቀሳቀሺ፣ መጣሁ» አላት።

አብረው ቀያሹ ቤት ሄዱ። ሽማግሌው በር ላይ እንደቆሙ ተቆጡ።

«በአንድ ጀንበር ሁለታችሁም ተዋችሁት! እኔ ደግሞ ሌንሴ ላይ ነውር ያያችሁ መስሎኝ፣ ተናድጄ ለመጀመሪያው ደዋይ ሸጥኩት። እኔን ለምን ግራ ታጋቡኛላችሁ?»

ይቅርታ ጠይቀው ወጡና ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ሦስት ሌንስ ደረደረላቸው። ከመቶ ሃምሳ እስከ ስድስት መቶ ያለውን አንስታ ጥቂት ስትይዘው ክንዷ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን ቴክኒሻኑ በባትሪ ሲያየው ውስጡ ድር አድርቶበታል። ሦስተኛው ከሰባ እስከ ሦስት መቶ ነው። ጥግ ድረስ ሲያቀርብ ትንሽ ይፈዛል፤ ግን ቀላል ነው፣ ንጹህ ነው፣ የእጅን መንቀጥቀጥም ያርማል፤ ዋጋው ደግሞ ለሁለት ሲካፈል ምንም አይደለም።

«ትንሽ ከራቀን ጠጋ እንላለን» አለች።

«በማን ስም ልጻፍላችሁ?» አለ ባለሱቁ ደረሰኙን ይዞ።

ተያዩ። «በሁለታችንም» አለ ቴክኒሻኑ።

«ታዲያ ማን ቤት ያድራል?»

ባለሱቁ የጠየቀው ስለ ሌንሱ ነው። የሁለቱም ፊት ግን ቲማቲም መሰለ።

ጭልፊቶቹ ያሉበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ጫጩት በሮ ሄዷል፤ የቀረውን አነሱት። ከዚያ ወዲህ ሌንሱ አንድ ሳምንት እሷ ቤት፣ አንድ ሳምንት እሱ ቤት ማደር ጀመረ። አንዳንዴ ቴክኒሻኑ ሳምንቱ ሳይሞላ ይመጣል። «ረስቼ ነው፣ የዚህ ሳምንት የማን ነበር?» ይላል በሩ ላይ። እሷ አልረሳችም፤ ግን «እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ግባ» ትለዋለች።

በዓመቱ ጭልፊቶቹ ተመልሰው እዚያው ፈለፈሉ። አንድ ጠዋት የመጨረሻው ጫጩት ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ ክንፉን ይሞክራል። እሷ አነጣጥራለች። እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ ቦርሳውን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል።

«ይሄን መቀባበል... ሰልችቶኛል» አለ ድንገት።

ዓይኗን ከካሜራው አነሳች። «ሌንሱን ልትተው ነው?»

«አይደለም! አንድ ቤት ቢሆን ብዬ ነው። ማለቴ ሌንሱ... እኔም... አንቺም... ኧረ ምን እያልኩ ነው!»

ካሜራውን ዝቅ አደረገች። «ቆይ፣ የምትጠይቀኝ ስለ ሌንስ ነው ስለ ጋብቻ?»

«ስለ ጋብቻ።»

«እንደሱ አትልም ታዲያ! ... እሺ።»

«እሺ?»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

ቀና ሲሉ ጎጆው ባዶ ነው። ጫጩቱ ሲበር ማንም አላየውም።

ቤት ሲገቡ እናቷ ሶፋው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።

«የታለ ፎቶው?»

«አላነሳነውም እማዬ።»

«እና እስካሁን ምን ስትሠሩ ቆያችሁ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ... ልጅዎን አግቢኝ ብዬ ጠይቄያት ነው።»

እናትየው እሱን አዩት፣ እሷን አዩዋት።

«ምን አለችህ?»

«እሺ አለችኝ።»

«በሉ ጠጋ በሉልኝ» አሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «አንቺም በዚህ፣ አንተም በዚህ።»

ሠርጉ የተደረገው እዚያው ሳሎን ነው። እናትየው ደረጃ መውረድ አይችሉም፤ ሙሽሮቹ ደግሞ እሳቸው በሌሉበት አንጋባም አሉ።