ሳያቸው ዝም የሚሉት እንቁላሎች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ አሁንም አምናለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም። ኮሌጅ የተማርኩት የእንስሳት ርባታ ነው፣ ዶሮ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ከፍቼ ውስጧን አይቻለሁ፣ እናቴ «ጥጃውን ቡዳ በላው» ስትል «የለም እማዬ፣ ሳንባውን ታሞ ነው» እያልኩ የማርም ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ፣ ከእኔ በላይ የሚጠራጠር ሰው እንደሌለ ቀድማችሁ ያዙልኝ።

ዶሃ የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ እህቶቼ ለቤት ሥራ ነው። ቤቱ አል ገራፋ የሚባል ሰፈር ነው፣ አሠሪዎቼ ባባና ማዳም ልጅ ገና አልወለዱም፣ ከእነሱ ሌላ እኔና በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል የሚያድሩት ሾፌሩ ጋሽ መኩሪያ ብቻ ነን። ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል፤ በጣም አፍራለሁ። ሰው ሲያናግረኝ የማየው ወለሉን ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ የማዳምን ጫማዎች እንጂ ፊቷን በደንብ አላውቀውም ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ባባ ዶሮ ይወዳል። ጓሮው ውስጥ ላባቸው እግራቸው ድረስ የወረደ ዶሮዎች አሉት፣ ግን በዚያ ሙቀት ልታቀፍ የምትል ዶሮ ስላጣ፣ እነሱ ፈቃሳ የሚሉትን የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጠው። ሠላሳ እንቁላል ከትቶ አራት ጫጩት አገኘ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ መኩሪያ «ይቺ ልጅ እኮ የተማረችው ይህንኑ ነው» ብለው ያጋለጡኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ዝም ብዬ ብኖር ይሻለኝ ነበር።

ደብተሬን ከሻንጣ አወጣሁና ጉድለቱን አንድ በአንድ ፈለግሁ፣ ፍለጋም አላስፈለገውም እንጂ፤ እንቁላሎቹ ሳምንት ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ይከርማሉ፣ የኤሲው ነፋስ ማሽኑ ላይ ነው የሚያርፈው፣ የውሃ ሳህኑ ደርቋል፣ የሚያገላብጣቸው የለም፣ ባባ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል። ሁሉንም አስተካከልኩ። ማገላበጤን እንዳልስት በእያንዳንዱ እንቁላል በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ በእርሳስ ጻፍኩ። ከዚያ በየቀኑ መብራቱን አጥፍቼ፣ እንቁላሉን የእጅ ባትሪ አፍ ላይ አስደግፌ ወደ ውስጥ አያለሁ፣ ቀያይ ክሮች አሉ፣ በመሃላቸው ደግሞ የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ። እመኑኝ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሳላፍር፣ ዓይኔን ሳልሰብር ያየሁት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

በዚህ በሁለተኛው ዙር ከከተትኳቸው ሃያ ስድስቱ እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን ድረስ በሕይወት ነበሩ። አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሲንጫጩ ሰማሁ፣ ደስ ብሎኝ ገብቼ በክዳኑ መስታወት ሳይ ግን ጸጥ አሉ። ያኔ ልብ አላልኩትም። የተፈለፈሉት ሁለት ብቻ ሆኑ።

በዚያው ሰሞን ነው ማዳም ድንገት ዕቃ ቤት ገብታ፣ በጨለማው ውስጥ እንቁላሉን ዓይኔ ሥር አድርጌ ያገኘችኝ። አራተኛ ወሯን ይዛለች፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያየኋቸው ነው ማዳም።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች።

በማግስቱ ጋሽ መኩሪያ መኪናውን እያጠቡ ጠሩኝ።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ማዳም ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቂያለሽ? ‹ያቺ ልጅ ለምንድነው ሰው የማታየው? ዓይኗን ምን አድርጋ ነው የምትደብቀው?› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አስተዳደጓ ነው አልኳታ!» አሉና ሳቅ ብለው ውሃውን ጎማው ላይ ለቀቁት። «ለማንኛውም መኪናዋን እንዳታያት፣ ጎማዋ አዲስ ነው።»

አልሳቅኩም። እሳቸውም ሳቁን ተዉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይህን ዙር ደግሞ ካበላሸች ወደ ሚክተብ፣ ወዳመጣት ቢሮ ትመለስ ብላለች፣ ኸላስ፣ አለቀ። ‹ዓይኗ ክፉ ነው› ተብለሽ እዚያ ከተመለስሽ ማን ቤት ያስገባሻል? የአገራችን ልጆችም ቢሆኑ አብረውሽ አይበሉም፣ ታውቂያቸዋለሽ።»

አውቃቸዋለሁ። ስም እንደሆነ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

እንግዲህ የተማረ ሰው የፈራውን ነገር በሙከራ ይገላገላል ብዬ፣ በሦስተኛው ዙር የማፍርበትን ነገር አደረግሁ። ሃያ አራት እንቁላል ከተትኩ፣ አሥራ ሁለቱን በቀኝ፣ አሥራ ሁለቱን በግራ። የቀኞቹን እንደ ልማዴ በባትሪ አያለሁ፣ የግራዎቹን ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በዳሰሳ ነው የማገላብጣቸው፣ መስታወቱንም በግራ በኩል በወጥ ቤት ፎጣ ሸፈንኩት። ሁለቱም ወገን እኩል ይፈለፈላል፣ እኔም ከዚህ ከንቱ ሐሳብ እገላገላለሁ። ያሰብኩት ይህን ነበር።

ሃያኛው ቀን ደረሰ። ምሳ ተበልቷል፣ ባባና ማዳም ተኝተዋል፣ በዚያ ሰዓት ዶሃ እንዳለ ይተኛል፣ መንገዱ ላይ ነጭ ፀሐይ እንጂ ሰው የለም። እናቴ በቀትር ወንዝ አትውረጂ ትለኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔም እስቅባት ነበር። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ይንጫጫሉ። ጪው፣ ጪው፣ ከቀኝም ከግራም፣ የገበያ ያህል ነው። ገባሁ። ውሃውን ሳስቀምጥ ይንጫጫሉ። ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ የቀኞቹን ሳይ፣ የቀኝ በኩል ዝም አለ። ከፎጣው ሥር ያሉት ብቻ ቀጠሉ።

ጥላዬ ነው አልኩ። ጫጩት ጥላ ሲያርፍበት ዝም ይላል፣ ደብተሬ ላይም ተጽፏል። ስለዚህ ካለሁበት ሳልነቃነቅ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ እንዳስደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥላዬ እዚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጪው አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ዓይኔን ገለጥኩ፣ ዝም። ጨፈንኩ፣ ይንጫጫሉ። ገለጥኩ፣ ዝም። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ማቆም አልቻልኩም፣ በየጊዜው ደግሞ የሚመለሰው ድምፅ ያንሳል። በመጨረሻ ስጨፍን ከቀኝ በኩል አንድ ብቻ መለሰ። ከዚያ እሱም ተወ።

እዚህ ላይ ብወጣ ኖሮ! እጄ ግን ወደ ፎጣው ሄደ። ጥጉን ብቻ ገለጥ አደረግሁ። አንዲት እንቁላል ታየችኝ፣ የእርሳሱ መስቀል ወደ ላይ ነው፣ ከመስቀሉ ሥር ቅርፊቷን በስታ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ምንቃር ታወጣለች፣ ትከታለች። አየኋት። ምንቃሯ እንደተከፈተች ቀረች።

ፎጣውን መስታወቱን ሁሉ እንዲሸፍን ጥዬ ሮጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከግራ በኩል አሥራ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። ያልወጣችው የጥጓ ናት። ከቀኞቹ አንድም የለም። ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ አንድ በአንድ ሰብሬ መረመርኳቸው፣ አካላቸው ሙሉ ነው፣ አስኳላቸውን ወደ ሆዳቸው አስገብተዋል፣ አቀማመጣቸውም ትክክል ነው፣ ለመውጣት ምንም አልቀራቸውም ነበር። እርግጥ ነው፣ ማሞቂያው በቀኝ በኩል ይቀርባል፣ ቴርሞሜትሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በግራ ነው የተቀመጠው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ደብተሬ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ጎን ግን እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።

አሥራ ሦስቱን በላስቲክ ቋጥሬ ወደ ቆሻሻው ስወስድ ጋሽ መኩሪያ አዩኝ።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ባዶ እንቁላል ነው ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ ዘር ያልያዘ» አልኳቸው። ዋሸኋቸው።

ባባ አሥራ አንዱን አይቶ እንደ ልጅ ዘለለ። ማዳምም መጣች፣ አንዱን ጫጩት መዳፏ ላይ አድርጋ «ማሻአላህ፣ ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በዪኝ» አለችኝ። እኔም ወለሉን እያየሁ አመሰገንኩ። ወደ ሚክተብ መመለስ ቀረ።

ማዳም በሰላም ወለደች፣ ወንድ ልጅ። ከእኔ በቀር ማንም እንዲይዘው አትፈልግም። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ጡት ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ሐኪሙም ምንም አላገኘበትም። እንደ ማንኛውም ሕፃን ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ማዳም ትጠራኛለች፣ «ያላ፣ ቀና በዪና እዪው» ትለኛለች። ሳየው ወዲያው ዝም ይላል። እንግዶቿን ሰብስባ ታሳያቸዋለች፣ «ተመልከቱ፣ ገና ስታየው!» ትላለች፣ ሴቶቹም ያጨበጭባሉ፣ እንዲህ የወደዳት ሞግዚት የት ይገኛል ይላሉ።

ዓይኔን ከእሱ ላይ ስመልስ ድምፁ እስኪመለስ ድረስ በልቤ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሳልል ይመለስ ነበር። ትናንት ዘጠኝ ደረስኩ።