የመጨረሻው ሰው በእጁ ሲጠራ

ማመን ያቃተው አይመን፤ አልቀየመውም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ ላይ... ጭጋግ ውስጥ።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ተራራ ላይ የጠፉ ሰዎችን የሚፈልግ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ አለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ያለው ንዴት ብቻ ነው። ሰዉ በሸራ ጫማ ይወጣል፣ ጃኬት አይይዝ፣ የት እንደሚሄድ ለማንም አይናገር። ከዚያ እኛ እንሮጣለን።

የዚያን ቀን የጠፋው የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነበር።

በሰፈር "አሻፈረኝ" ነው የሚሉት። ጠዋት በር ላይ ይዤው፣ "ዛሬ ጭጋግ ይወርዳል፤ ቢያንስ ጃኬት ያዝ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ አትነዝንዘኝ" ብሎኝ ወጣ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው እሱን ብቻ ቢመክር ጥሩ ነበር። እናታችን ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በር በሩን ታያለች።

ወንድሜ ደውሎ እንደነገረን፣ መንገዱን ስቶ ገደሉ ወገብ ላይ አንዲት ጠባብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አልተጎዳም። ብርዱ ግን እየጨረሰው ነው።

ሦስት ሆነን ወጣን። ከፊት መሪያችን... ፋርማሲስት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። መሀል አንድ የታክሲ ሾፌር። መጨረሻ እኔ። በአንድ ገመድ ተያይዘናል።

እዚህ ላይ አንድ ደንባችንን ልንገራችሁ። የጠፋውን ሰው "ና፣ መንገዱ ደህና ነው" ብሎ በእጁ የሚጠራው የመጨረሻው ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ አልፈውበት መሬቱ እንደቻለ ያየው እሱ ነዋ። ስልኩን ንፋስ ይቆራርጠዋል። ስለዚህ ከስልክ ይልቅ እጅ ይታመናል።

እትዬ ይህንኑ ለወንድሜ ከመነሳታችን በፊት በስልክ አስረድተውታል። "የመጨረሻው ወንድምህ ነው። በእጁ ካልጠራህ እንዳትነሳ።"

ጭጋጉ ውስጥ ትንሽ እንደሄድን ወገቤን አንድ ነገር ሳብ አደረገኝ።

ከኋላ። ከእኔ ተርፎ የሚጎተተው የገመድ ጫፍ ድንጋይ ይዞት ይሆናል ብዬ ተሳድቤ አለፍኩ። ድጋሚ ሳበኝ... ቀስ ብሎ።

ስልኬ ጠራ።

"አየኋችሁ" አለኝ ወንድሜ በሹክሹክታ። "ከላያችሁ ነኝ። ቀያይ ጃኬቶቻችሁ ይታዩኛል።"

ቀና አልኩ። ከነጭ ጭጋግ በስተቀር ምንም የለም።

"ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል።"

"አሁን እኮ ጠራኸኝ።"

"ማን?"

"አንተ ነሃ። በእጅህ።"

ደሜ ፈላ። አንዱ እጄ ስልክ ይዟል፣ ሌላው ገመድ ጨብጧል። "አልጠራሁህም። ተቀመጥ!"

"ስልክ እንዳታምን ተብያለሁ" አለኝ።

ዕድሜ ልኩን የሰው ምክር ሰምቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ሰማ።

"ስልክ የያዘውን ሰው ታየዋለህ? እኔ ማለት እሱ ነኝ" አልኩት።

"አየዋለሁ" አለኝ።

"ታዲያ... ከኋላህ ያለው ማነው?"

እንደምንም ዞርኩ። ማንም የለም። የተወጠረው ገመድ ግን ዓይኔ እያየ ረገበ። ጫፉ ላይ እኔ ያልቋጠርኩት ቋጠሮ ነበር... የሰው ወገብ የምናስርበት ዓይነት።

"እትዬ፣ ይቁሙ! ከኋላዬ ሰው አለ!"

"ከኋላህ ማን ሊኖር ነው? የመጨረሻው አንተ ነህ። ልጁ በብርድ እያለቀ ነው፣ ተራመድ!" አሉኝ ተቆጥተው።

በስልኩ ውስጥ ድንጋይ ሲንሸራተት ሰማሁ።

"አትውረድ! እናታችን ትሙት፣ እኔ አይደለሁም!"

አልመለሰልኝም። ከሌላ ሰው ጋር ነበር የሚያወራው።

"እጅህ እንዴት ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?" አለ እየሳቀ። "ለእማዬ ግን ምን ልንላት ነው?"

"እኔ እነግራታለሁ" ብሎ መለሰለት።

ድምፁ የእኔ ነበር።

ጭጋጉ ሲገለጥ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ከሥሩ ገደል ነው። እስኪመሽ ፈለግን። አንዲት የሸራ ጫማ እንኳ አላገኘንም። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ ደንብ... ለወንድሜ ሳይሆን ቀረ። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

"እማዬ..." አልኩ።

"አትድገምልኝ ልጄ" አለችኝ። "ቅድም መጥተህ ነግረኸኛል።"

ከጀርባዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀይ ጃኬት ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል።

እኔ የእኔን ገና አላወለቅኩም ነበር።