የከበሮዎቹ ጥፋት

ያኔ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የማይሰማ ሙዚቃ አልነበረም። አንድ ሳምንት አዲስ የተደረሰ የሃርፕሲኮርድ ሙዚቃ፣ በሚቀጥለው ተማሪዎች የሚጫወቱት የብራዚል ጥቁሮች ከበሮና ጭፈራ። መግቢያ ስለማይከፈል ተማሪው ያገኘውን ሁሉ ይሰማ ነበር። ደግ ዘመን ነበር።

ሃርፕሲኮርዱን የሚቃኙት አንድ አዛውንት ነበሩ። መሣሪያው ፒያኖ ይመስላል፤ ግን ክሮቹን ቆንጥሮ የሚለቅ፣ ትንሽ ሙቀት ሲነካው ቅኝቱን ስቶ የሚያኮርፍ ቅምጥል ነው። ረዳታቸው ሴት ልጃቸው ነበረች።

የአባትየው ጆሮ እየከዳቸው መምጣቱን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። እሳቸው ቃኝተው ሲወጡ በጓሮ በር ተመልሳ እንደገና ትቃኘዋለች። ከደረሱባት፣ «ከበሮ መቺዎቹ አዳራሹን አሙቀው አበላሹት፣ አባዬ» ትላለች። እሳቸውም የከበሮ መቺዎቹን አለቃ «ማገዶ» ብለው ስም አወጡለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማገዶ ከበሮውን እንዳቀፈ ገባና መሣሪያው ላይ አጎንብሳ አገኛት።

«ዛሬ እኮ ገና አልተለማመድንም» አላት። «ማን አሞቀው?»

ልትዋሽ ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። «ይሄን ሥራ ካጣ አባቴ በቁሙ ነው የሚሞተው» ብላ ሁሉንም ነገረችው።

ከዚያ ከበሮውን መሬት አስቀመጠ።

«በይ ጨርሺ። ከዛሬ ጀምሮ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቃሉን አላጠፈም። አባትየው በተቆጡ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አባባ፣ እኛ ነን» ይላል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ እሷ ቶሎ ብላ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ወደደችው። ክፉኛ ወደደችው።

ዓመቱ ሲያልቅ ጫማውን ወልውሎ፣ ሊያገባት አባቷን ሊጠይቅ ቤት መጣ።

አባትየው ከወንበራቸው አልተነሱም። «የአንድ አዳራሽ ዕቃ መጠበቅ ያቃተህ ሰው ልጄን ትጠብቅልኛለህ?»

አንድ ቃል ቢተነፍስ ነጻ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ወለሉን ያያል። እሷ ብትናገር አባቷን ታዋርዳለች፣ ዝም ብትል እሱን ታጣለች።

«አባዬ፣ እሱ እኮ...»

«እውነታቸውን ነው» አለ እሱ አቋርጧት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባባ። ሰበብ የለኝም።»

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ሰማሽ?» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «በዚህ ዕድሜዬ ጥፋቱን ያለ ሰበብ የሚያምን ወንድ አይቼ አላውቅም። ትፈልጊዋለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አባትየው ከዓመታት በኋላ ጆሯቸውን እንዳመኑ አረፉ። እሷ ማገዶ ሊያገባት የጠየቀባትን ያቺን ዕለት ስታስታውስ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ባሏ «ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ?» ሲላት፣ «አንተ ምን ቸገረህ፣ ዝም ብለህ እቀፈኝ» ትለዋለች።